ጨጓራ ብዬ ያከምኳት እናት

ስለ ኦቲዝም፣ ስለ ዳውን ሲንድሮም፣ አፍ ሳይፈቱ ስለቆዩ ልጆች በተደጋጋሚ ጠይቃችሁኛል። ዛሬ ስለ እናቶቻቸው ላውራችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና ካለ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። የምጀምረው ከራሴ ስህተት ነው።

ተመርቄ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ በሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ ከደባርቅ ብዙም በማይርቅ አንድ ጤና ተቋም ተመላላሽ ክፍል እሠራ ነበር። አንዲት እናት መጣች። (ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ እንዳትታወቅ ግን አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።) ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ትሆናለች። ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላለች፤ የልጁ እግሮች ጉልበቷ ድረስ ተንጠልጥለዋል። ሰባት ዓመቱ ነው። አይራመድም፣ አይናገርም።

«ልጁ ምን ሆነ እናቴ?» አልኳት።

«እሱስ እንዲሁ ነው የተፈጠረ። የእኔን ጨጓራ እይልኝ ዶክተር።»

አየሁላት። ኦሜፕራዞል ጻፍኩ፤ በርበሬ ቀንሺ፣ ቡና ቀንሺ ብዬ ሸኘኋት። በወሩ ተመለሰች። የኤች ፓይሎሪ ምርመራ አዘዝኩ፤ ፖዘቲቭ ሆነ። ደስ አለኝ፣ ምክንያቱን ያገኘሁ መሰለኝ። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኤች ፓይሎሪ በአገራችን በጣም ብዙ ሰው ሆድ ውስጥ የሚገኝ ባክቴሪያ ነው። ተገኘ ማለት የሕመሙ ሁሉ መነሻ እሱ ነው ማለት አይደለም።) ሙሉ መድኃኒቱን ወሰደች፣ ጨረሰች፣ ተመለሰች። አልትራሳውንድ ላክኋት፤ ምንም የለም። ለአራተኛ ጊዜ ስትመጣ፣ እውነቱን ልናገርና፣ በሩ ላይ ሳያት ደከመኝ። የገበያ ቀን ነበር፤ ኮሪደሩ ጢም ብሏል። ማዘዣውን አንስቼ ልጽፍ ስል አጠገቤ የነበረችው ሲስተር ድንገት ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ ሌሊት እንቅልፍ ታገኛለሽ?»

ሴትዮዋ ዝም አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «እሱ ሲጮህ ነው የሚያድረው። ጎረቤት እንዳይሰማ አዝዬው ጓሮ እወጣለሁ።»

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው ያለችው። የሌሊቱን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ልጁን ያን ያህል ጊዜ ጀርባዋ ላይ አይቼው፣ ሌሊቱን የት እንደምታሳልፈው ጠይቄ አላውቅም ነበር። ቀጥላ የተናገረችው ደግሞ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ምን በድዬ እንደሆነ ባወቅሁ ብቻ።»

በሽታዋ ከባድ ድብርት ነበር። ሦስት ጊዜ አልፌዋለሁ።

«የእድገት ችግር» ስንል

በአጭሩ፣ የልጁ አእምሮ ከጽንስ ጀምሮ ወይም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተለየ መንገድ ሲያድግ፣ ወይም ጉዳት ሲደርስበት የሚመጣ ነው። ኦቲዝም፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ዳውን ሲንድሮም ያመጣው የእድገት መዘግየት ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሴሬብራል ፓልሲ የምንለው የእንቅስቃሴ ችግርም ለእናቱ ያው ሸክም ስለሆነ እዚሁ አብሬ አነሳዋለሁ። የዚያች እናት ልጅ ችግር ሴሬብራል ፓልሲ ነው። ምጡ ረዝሞ ነበር፤ ሲወለድ አላለቀሰም።

መነሻዎቹ የተለያዩ ናቸው። ዳውን ሲንድሮም ልጁ በ46 ፈንታ 47 ክሮሞዞም ይዞ ሲፈጠር ነው። ኦቲዝም በአብዛኛው ከዘር ቅንጣት ጋር የተያያዘ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ከወሊድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በኋላ አንጎል ላይ በሚደርስ ጉዳት ይመጣል፤ ያለ ጊዜ መወለድ፣ የኦክስጅን እጥረት፣ ኃይለኛ የአራስ ልጅ ቢጫነት፣ ማጅራት ገትር። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እናትየዋ «በድላ» ያመጣችው አንድም የለም። ምጥ ይዟት መንገድ ላይ ስንት ሰዓት እንደቆየች ብትጠይቋት፣ ጥፋቱ የመንገዱ እንጂ የእሷ እንዳልሆነ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ታዲያ ለምን ራሷን ትከሳለች?

ምክንያቱም ሌላው ሰው ቀድሞ ከሷታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የአገራችን ጥናት አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት ሆስፒታሎች የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች የሚመላለሱ 102 ወላጆችና አሳዳጊዎች ተጠይቀው ነበር። ከመቶ 45ቱ በልጃቸው ሁኔታ እፍረት እንደሚሰማቸው፣ ከመቶ 27 ያህሉ የልጁን ሁኔታ በምስጢር ለመያዝ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል ሲባሉ፣ ከመቶ 40 ያህሉ የመንፈስ ነገር ነው ብለዋል፤ ከአራቱ አንድ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ኃጢአት።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ይህ መገለል በወላጁ የትምህርት ደረጃ አልተለየም። የተማረውም ያልተማረውም እኩል ይሸማቀቃል። ስለዚህ ይህን በስልካችሁ የምታነቡ የከተማ ልጆች፣ ነገሩ የገጠር ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ገጠር ላይ «እርግማን ነው» ይባላል። ከተማ ላይ ደግሞ «ስልክ ሰጥተሽ ስላሳደግሽው ነው»፣ «ሥራ ሥራ ስትይ»፣ «ያን ክትባት ባታስከትቢው» ይባላል። ቃሉ ዘመናዊ ሆነ እንጂ ጣቱ የተቀሰረው እዚያው ነው። ክትባት ኦቲዝም አያመጣም፤ ይህ በብዙ አገር፣ በብዙ ሕፃናት ላይ ተጠንቶ ያለቀ ጉዳይ ነው። ስልክ ላይ ረጅም ሰዓት መቆየት ለማንኛውም ሕፃን አይመከርም፤ ያም ሆኖ የኦቲዝም መነሻው እሱ አይደለም።

እኛ ሐኪሞችም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝምን ከገለጸው በኋላ፣ በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ በሽታው የሚመጣው እናት ልጇን ስላልወደደች ነው ተብሎ ይታመን ነበር። «የፍሪጅ እናቶች» የሚል ስም ሁሉ ወጥቶላቸው ነበር፤ ቀዝቃዛ ናቸው ለማለት። ብሩኖ ቤትልሃይም የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1967 ይህንኑ የሚያራግብ መጽሐፍ አሳተመ። ከእሱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሐሳቡ መሠረት እንደሌለው በመጽሐፍ የሞገተው በርናርድ ሪምላንድ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፤ ደግሞም ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት። ስንቷ እናት በሕክምና ስም ልጇን የበደለች ተብላ እንዳለቀሰች አስቡት።

ሸክሙ ራሱስ?

ወቀሳውን ትተን ሥራውን ብቻ እንቁጠር። ማጉረስ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ያስታውከዋል፣ እንደገና። ማጠብ። ሰባት ዓመት የሞላውን ልጅ ማዘል። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት፣ ሌሎቹ ልጆች። ሌሊት መንቃት። እሑድ የለው፣ በዓል የለው። ማኅበር፣ ሠርግ፣ ለቅሶ ቀስ በቀስ ይቀራል፤ «ልጁን ይዛ መጥታ» እንዳይባል። ለቅሶ ያልደረሰች ሴት ደግሞ በእኛ አገር ምን እንደምትባል ታውቃላችሁ።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት አካባቢ ሲደርስ ሰው ልጁን እየያዘ ወጥቷል። የማይራመድ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ያላት እናት ያን ዕለት ምን እንደመረጠች ጠይቄ አውቃለሁ፤ መልሱን እዚህ አልጽፈውም።

አንዳንዷ እናት ለእርሻ ወይም ለገበያ ስትወጣ ልጁን ቤት ቆልፋ፣ አልፎም አስራ ትሄዳለች። ይህን የሰማችሁ ጊዜ «ጨካኝ» ለማለት አትቸኩሉ። እሳት አለ፣ ገደል አለ፣ የሚጠብቅለት ሰው የለም። ማሰሩ ልጁን ይጎዳዋል፣ መቅረት አለበት። የሚቀረው ግን በተግሣጽ ሳይሆን አንድ ሰው «እኔ እጠብቅልሻለሁ» ሲላት ነው።

ዳባት ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የየቤቱን ልደትና ሞት ሲመዘግብ ቆይቷል፤ ትልቅ ሥራ ነው። እኔ የምሞላው የተመላላሽ ካርድ ላይ ግን ልጁን ይዛ የመጣችው ሴት ስንት ሌሊት እንዳልተኛች የሚጻፍበት ቦታ የለም። ካልጠየቅን አይታወቅም።

ምልክቱ እንዴት ይገለጣል?

እዚህ አካባቢ «ድብርት ይዞኛል» ብሎ የሚመጣ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። የሚመጣው ሌላ ነገር ይዞ ነው። ልቤን ያቃጥለኛል። ራሴን ይወጋኛል። ጉልበቴ ከዳኝ። ወገቤ ተቆረጠ። ሰውነቴን ይወረኛል። እነዚህ ውሸት አይደሉም፤ ድብርት በእውነት ሰውነትን ያማል።

እኛ የምንጠይቀው ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ነው። ራሳችሁን፣ ወይም የምታውቋትን እናት፣ በእነዚህ ልታዩ ትችላላችሁ። ቀኑን አብዛኛውን መከፋት አለ? ድሮ ደስ ይላት የነበረው ነገር፣ ቡና ማፍላቱ፣ ጎረቤት ጋ መጫወቱ፣ ምንም አልመስላት ብሏል? ከሁለቱ አንዱ ካለ፣ ሌሎቹን ጨምሩበት፤ ልጁ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ አለመምጣት፣ የምግብ ፍላጎት መዝጋት፣ እረፍት የማያስለቅቀው ድካም፣ ራስን እንደ ጥፋተኛና እንደማይረባ ማየት፣ ሐሳብ መበታተን፣ መቅበጥበጥ ወይም በጣም መፍዘዝ፣ ሞትን መመኘት። በርከት ብለው ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ካሉና ሥራዋን ካሰናከሉ፣ መታከም ያለበት ሕመም ነው።

«ልጇን ስለምትወደው እኮ ነው የምታዝነው» የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። ሐዘንና ድብርት ይለያያሉ። ያዘነች እናት ልጇ ፈገግ ሲል ለአፍታ ፊቷ ይበራል። በድብርት ውስጥ ያለችዋን ያ ፈገግታ አይደርስባትም፤ አለመድረሱን ደግሞ ራሷ ታውቃለች፣ በዚያም ራሷን እንደገና ትከሳለች።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ብዙ እናቶች «ከእኔ በፊት እሱን ይውሰድልኝ» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ትርጉሙ «እኔ ስሞት ማን ያየዋል» ነው፤ ከፍቅር የሚወጣ ፍርሃት ነው። አንዳንዴ ግን ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ በቀጥታ ጠይቋት፦ «ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» መጠየቁ ሐሳቡን አይከትባትም፤ ይልቁንም ብዙዎች የጠየቃቸው ሰው በመገኘቱ ይቀልላቸዋል። አዎ ካለች ብቻዋን አትተዉአት። ቤት ውስጥ ያለውን የተባይ መድኃኒትና የተጠራቀመ ክኒን ከእጇ አርቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዷት። ለነገ የሚባል አይደለም።

ሕክምናውስ?

አለ፤ ይሠራልም። መጀመሪያ ድካም የሚያመጡ ሌሎች ነገሮችን እናያለን። ደም ማነስ አንዱ ነው። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስም ድብርት ይመስላል፤ በደጋው አካባቢ እንቅርት እንግዳ አይደለም። ከዚያ ምክር አለ፣ እንደ ሁኔታው ደግሞ መድኃኒት። ፍሎክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን በአገራችን ብዙ ጊዜ የምናዛቸው ናቸው። ለውጡ እስኪታይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። ብዙዎች በአሥረኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለው ያቆሙታል፤ እባካችሁ አታቁሙ። ሲሻልም በራሳችሁ አትተዉት፣ ለወራት የሚወሰድ ነው። ሱስ አያስይዝም። እርጉዝ ወይም የምታጠባ ከሆነች ለሐኪሙ ትንገረው። አሚትሪፕቲሊን ከታዘዘው በላይ ከተወሰደ ልብን ስለሚጎዳ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ የእንቅልፍ ክኒን ገዝቶ መስጠት ግን አይሆንም፤ እሱ ነው ሱስ የሚያስይዘው።

ፀበልስ? ትጠመቅ። ማንም ሐኪም እምነቷን የመንጠቅ መብት የለውም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእሷንም ሆነ የልጁን መድኃኒት፣ በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካለው፣ ለፀበል ብላችሁ አታቋርጡ። ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳውን ልንገራችሁ። እናትየዋን ለማከም አንዳንዴ ልጁን መመርመር ነው። ያን ዕለት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልጁን ከጀርባዋ አውርደን አልጋ ላይ አስተኛነው። አፉን ከፍቼ ሳይ ሁለት መንጋጋ ጥርሶቹ ተቦርቡረው ድዱ መግል ይዟል። ሆዱ በድርቀት ድንጋይ ሆኗል። «የጥርስ ሕመም ነው» ማለት የማይችል ልጅ ምን ያደርጋል? ይጮሃል። ጩኸቱን ሁሉም «የበሽታው ጠባይ» ብሎ ትቶታል፤ እኔም ጭምር። ጥርሶቹ ተነቀሉ፣ ድርቀቱ ታከመ። ጩኸቱ ሙሉ በሙሉ አልቀረም፤ ግን በሳምንት ሦስትና አራት ሌሊት መተኛት ጀመረ። ለእሷ ይህ ከየትኛውም ክኒን ቀድሞ የደረሰ መድኃኒት ነበር። ስለዚህ የማይናገር ልጅ ከወትሮው በላይ ሲያለቅስ ጆሮውን፣ ጥርሱን፣ ሆዱን አስመርምሩ። በእንቅልፍ ልቡ የሚንቀጠቀጥ ከሆነም ንገሩን፤ በሞባይል ቀርጻችሁ ብታመጡት ደግሞ በጣም ይረዳናል።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

አባቶች፣ ይህቺን እናንተ አንብቡ። «አይዞሽ» ጥሩ ቃል ነው፣ ግን እንቅልፍ አይሆንም። በሳምንት ሁለት ሌሊት ልጁን እናንተ ያዙት። ማጉረሱን ተማሩ። ዘመድ ፊት «ከእኔ ዘር እንዲህ ያለ የለም» የምትሉትን አቁሙ። እህቶች፣ ጎረቤቶች፣ በገበያ ቀን ሁለት ሰዓት ጠብቁላት። ሠርግ ጥሪ ስትልኩ «ልጁንም ይዘሽ ነይ» በሉ፤ ከተቻለ ስሙን ጠርታችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያሉ ልጆችን ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው፤ በአገራችንም በአዲስ አበባና በገጠር ተሞክሯል። ከልጁ ጋር እንዴት መጫወትና መግባባት እንደሚቻል ያስተምራል፣ የአሳዳጊዋ የራሷ ጤናም ትምህርቱ ውስጥ አለ። እኔ የምወድለት የሚሰጡት ስፔሻሊስቶች መሆን የለባቸውም መባሉን ነው። ስፔሻሊስት እስኪመጣ እንጠብቅ ብንል ልጆቹ ያድጋሉ።

እናቶች ሲገናኙ ደግሞ የሚሆነው ሌላ ነው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስን ብዙዎቻችሁ ታስታውሷታላችሁ። ከአሜሪካ ተመልሳ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ ከፍታ ትሠራ ነበር። ኦቲዝም ያለበት ልጇን የሚይዝ ትምህርት ቤት ስታጣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ በየመድረኩ እየቆመች ስለ ልጇ ተናገረች። በቴሌቪዥን ስታወራ ያየች አንዲት የዳባት እናት «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» ማለቷን ሰምቻለሁ። ከላይ ባነሳሁት ጥናት ወላጆቹ ከሁሉ በላይ የጎደለን ያሉት ትምህርት ነው፤ ከአራቱ ሦስቱ። ልጁ ግማሽ ቀን የሚውልበት ቦታ ሲያገኝ እናቱም ግማሽ ቀን ታገኛለች። ደባርቅም ዳባትም ላይ እንዲህ ያለ ቦታ ያስፈልገናል። እስከዚያው፣ የልጁ ጉዳይ ከአቅማችን ሲያልፍ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው የምንልከው።

ያቺ እናት ፍሎክሰቲን ጀመረች። ሲስተሯ በየቀጠሮዋ አሥር ደቂቃ ታወራታለች፤ እኔም ብዙውን የተማርኩት ከእሷ ነው። የባሏ እህት በገበያ ቀን ልጁን መጠበቅ ጀምራለች። መጥፎ ሳምንታት አሁንም አሉ። ልጁ አሁንም አይናገርም፣ አይራመድም። ባለፈው ስትመጣ ግን አላዘለችውም። ባሏ አዝሎት ከኋላዋ ገባ።

«ዛሬስ ጨጓራሽ?» አልኳት፣ ለጨዋታ ብዬ።

ሳቀች። «እሱ እንኳ አለ ዶክተር» አለችኝ።

ኦሜፕራዞል ጻፍኩላት።